እቴጌ ጣይቱና የዓድዋ ድል ያስከፈለው ዋጋ

የካቲት በመጣ ቁጥር ዓድዋን እናነሳለን። የካቲት 23 ቀን ልጆቻችን ጥለት ያለው የአገር ልብስ ለብሰው፣ ከካርቶን የተሠራ ጋሻ ይዘው እየፎከሩ ይወጣሉ። እኛም ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ቡና አፍልተን ቀኑን እናስበዋለን። በዚሁ ወር ግን ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ቀን አለ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል በእንጦጦ ያረፉበት ዕለት ነው። ዓድዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው 19 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ድሉ በአደባባይ ይከበራል፤ የእሳቸው ዕረፍት ግን በዝምታ ያልፋል።

በሂሳብ ሥራ ላይ የምንውል ሰዎች አንድ አመል አለን። ገቢ ሲነገረን ወጪውን እንጠይቃለን። ይህን አመል ይዘን የእቴጌን ሕይወት ስናነብ፣ ዓድዋ የተገኘበትን ብቻ ሳይሆን የወጣበትንም ለማየት ቻልን። የድሉን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ዋጋውን ያላወቁለት ነገር በቀላሉ ይባክናልና ነው።

ከስሜን እስከ እንጦጦ

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት ከትልቅ ቤት ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግራይን የገዙ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በደጃች ካሣ ሲሸነፉ የቤተሰቡ ዕጣ ተገለበጠ። ስለዚህ ጣይቱ ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ከሰው አልሰሙም። ዛሬ ጌታ የነበረ ነገ እስረኛ እንደሚሆን፣ የተከበረ ቤት በአንድ ቀን እንደሚፈርስ ከገዛ ዘመዶቻቸው አይተው ነው ያደጉት።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ብርቅ ነበር። ጣይቱ ግን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ከአፄ ምኒልክ በፊት ትዳር ይዘው ፈትተዋል። ልጅም አልወለዱም። በዘመኑ አስተሳሰብ ይህ ሁሉ ለሴት መውደቂያ ምክንያት ነበር። እሳቸው ግን በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃ አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ጠሩት። የዛሬዋን ዋና ከተማ ስም ያወጣች ሴት ናት። እንጦጦ ማርያም ተሠርታ ስትመረቅ ደግሞ ለቀናት የቆየውን ታላቅ ግብር ያሰናዱት እሳቸው ነበሩ። ያን ግብር እንደ ድግስ ብቻ ማየት አይገባም። በሺህ ለሚቆጠር ሰው እንጀራ፣ ወጥ፣ ጠጅና ሥጋ በሰዓቱ ማድረስ ምን ያህል ዕቅድ እንደሚጠይቅ በሠርግና በተዝካር የደከምን ሴቶች እናውቀዋለን። ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት እንስራ፣ ስንት ምጣድ፣ ስንት የምትጋግር እጅ ያስፈልጋል? ይህን ማስላት የሚችል ሰው ጦር ሠራዊትም ማብላት ይችላል። ያ ችሎታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአገር ደረሰ።

አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱ በሁለተኛው ቀን እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውንም ስም ያዙ።

አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ

ከዘውዱ በፊት በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከጣሊያን መንግሥት ጋር ውል ተፈርሞ ነበር። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም ይችላል ይላል። በጣሊያንኛው ግን መጠቀም አለበት የሚል ሆኖ ተገኘ። አንዱ ፈቃድ ነው፣ ሌላው ግዴታ። ጣሊያንም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች።

ብድር ስንፈርም፣ የኪራይ ውል ስንፈራረም፣ ያልገባንን ቃል አናልፍም እያልን በየስብሰባችን የምንመካከረው ለዚህ ነው። አንድ ግሥ አገር ሊያሳጣ ደርሶ ነበር። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን በድርድር ሊያለባብስ ሲሞክር አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ዋናዋ እቴጌ ነበሩ። ጦርነትን የሚናፍቁ ሰው ስለነበሩ አይደለም። የጦርነትን መዘዝ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ግን ነፃነትን በወረቀት ከማስረከብ ጦርነቱን መረጡ። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ከክፉ ቀን ማግስት የተሰነቀ ስንቅ

አሁን ወደ ወጪው እንግባ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገራችን ክፉ ቀን የሚባለውን ታላቅ ረሀብ አሳልፋለች። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ጨረሰው። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ያላረሰ አልበላም። ስንቱ ቤት እንደተዘጋ መቁጠር የቻለ የለም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እስከ መሆን ደርሰዋል።

የክተት አዋጁ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ሲታወጅ ከዚያ ረሀብ ገና አራት ዓመት አልሞላም። በረሀቡ ልጅ የቀበረች እናት፣ ከረሀቡ የተረፈ ልጇን ለዘመቻ ስንቅ ቋጥራ ሸኘች። ቋጠሮው ውስጥ ያለው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። ሁሉም የሴት እጅ የደከመበት ነው።

ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ወደ መቶ ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል። እኛ በራሳችን መንገድ ትንሽ ሂሳብ ሠርተናል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ብንይዝ፣ መቶ ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይበላል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል የአንድ ቀን ቀለብ ለመጫን አንድ ሺህ አህያ ያስፈልጋል። ለአንድ ወር ደግሞ 15,000 ኩንታል ነው። ዘመቻው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ አምስት ወር የፈጀ ነበር። ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ጦሩ በሚያልፍበት አገር ያለ ገበሬ ጎተራውን ከፍቷል፤ ወዶም ሆነ ሳይወድ። ከክፉ ቀን ወጥቶ ገና እህል ማየት የጀመረ ገበሬ የዘር እህሉን ጭምር ለሠራዊት ያወጣበት ጊዜ ነው። በተለይ የትግራይ ገበሬ፣ በአንድ ወገን ጣሊያን በሌላ ወገን የራሱ ወገን ሠራዊት ሰፍሮበት፣ የሁለቱንም ክብደት ተሸክሟል። ይህ ወጪ በየትኛውም የድል መዝገብ ላይ ሲነበብ አልሰማንም።

ከሠራዊቱ ጋር የሄዱት ሴቶች ብዙ ናቸው። እንጨት የሚለቅሙ፣ የሚፈጩ፣ የሚጋግሩ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ ገንቦ በጀርባቸው አዝለው ተራራ የሚወጡ ናቸው። ጭፍራ ባሏን ተከትላ የወጣች አለች፤ ለጌታዋ በባርነት የምታገለግልና ልሂድ አልሂድ የማትባልም አለች። ወንዱ ሰፈር ሲደርስ ያርፋል። የሴቷ ሥራ ግን የሚጀምረው ሰፈር ሲደረስ ነው።

ውሃ

ሠራዊቱ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ድል አደረገ። ከዚያ ወደ መቀሌ ሲያልፍ ጣሊያኖች በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ጠበቁት። ምሽጉን በቀጥታ ለመያዝ የተሞከረው ሁሉ ሰው አስፈጀ። በዚህ ጊዜ እቴጌ ሌላ ሐሳብ አመጡ። ምሽጉ ውሃ የሚቀዳው ከውጭ ካለ ምንጭ ነበርና፣ የራሳቸውን ወታደሮች ልከው ምንጩን አስያዙ። ውሃ ቀድታ የማታውቅ ሴት የለችም። ቤት ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ የምታውቀው ቀጂዋ ናት። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ምሽጉ እጁን ሰጠ። በውሃ ጥም የተገኘው ድል በየግንቡ ሥር ሊወድቅ የነበረ ብዙ ሰው አተረፈ።

አፄ ምኒልክ የምሽጉ ጦር ከነመሣሪያው በሰላም እንዲወጣ ፈቀዱ። አዛዡ ጋሊያኖ ከዚያ ወጥቶ ከአንድ ወር ትንሽ በላይ ቆይቶ ዓድዋ ላይ ተሰለፈ፤ እዚያም ሞተ። ምሕረትም ጦርነቱን ማስቆም ያልቻለበት ጊዜ ነበር።

የካቲት 23

በየካቲት መጨረሻ ዓድዋ ላይ የሰፈረው ሠራዊታችን ስንቁ አልቆበት ነበር። ጥቂት ቀናት ቢጨመሩ ሰፈሩን ለቆ መነሳቱ አይቀርም ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም ጦሩ ስንቅ አጥሮታል፤ ከሮም ደግሞ ግፊቱ በዝቶበታል። ወደ 17,000 የሚጠጋ ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ። ዕለቱ እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነበር። በንጋት የተጀመረው ውጊያ በኪዳነ ምሕረት፣ በራዮና በማርያም ሸዊቶ በኩል ተካሂዶ ከቀትር በኋላ ተጠናቀቀ።

እቴጌ በዚያ ቀን ድንኳን ውስጥ አልተቀመጡም። በእግራቸው፣ ጥቁር ጥላ ተይዞላቸው ወደ ውጊያው ቀረቡ። የሚያፈገፍገውን ያበረታቱ ነበር፤ የራሳቸው መድፈኞችም ይተኩሱ ነበር። በሰፈሩ ያሉትን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አሰባስበው በገንቦና በቅል ውሃ ለተዋጊው እንዲያደርሱ አደረጉ። በየካቲት ፀሐይ፣ በባሩድ ጢስ ውስጥ፣ በውሃ ጥም የሚቃጠል ተዋጊ ምን ያህል ይቆማል? መቀሌ ላይ ውሃን ከጠላት የነፈጉት እቴጌ ዓድዋ ላይ ውሃን ለወገን አደረሱ። እነዚያ ሴቶች ጥይት እየወረደ የተመላለሱት ጦር ሳይሆን እንስራ ተሸክመው ነው።

አሁን ቁጥሩን እንጻፈው። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን የሞተው ከአራት ሺህ እስከ ሰባት ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። የቆሰለው ከዚህም ይበልጣል። በጣሊያን ወገን የሞተው ከአምስት ሺህ በላይ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ደጃዝማች ጫጫ፣ ደጃዝማች በሻህ ከእኛ ወገን ከወደቁት ታላላቆች መካከል ናቸው። ከጣሊያን ወገን ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ ጄኔራል አልበርቶኔ ተማረከ። የታላላቆቹ ስም ተጽፏል። የቀሩት በጅምላ ቁጥር ናቸው።

በትንሹ ግምት እንኳ 4,000 ሰው ሞተ ስንል 4,000 እናት ማለታችን ነው። ምን ያህሉ ባለትዳር እንደነበረ፣ ስንት ልጅ አባቱን ሲጠብቅ እንደቀረ ማን መዘገበ? መርዶው በስልክና በደብዳቤ አልመጣም። ሠራዊቱ በየመንገዱ ተበትኖ ሲመለስ፣ የመጣው መጣ፤ ያልመጣውን ግን ስንት ክረምት በር በሩን እያየች የጠበቀች ሴት ነበረች። የቆሰለውም በቅሎ ላይ ተጭኖ፣ ወይም በሰው ተደግፎ፣ ያን ሁሉ ተራራ መውረድና መውጣት ነበረበት። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኛ ማከም የጀመሩት በክረምቱ ነው። እስከዚያው ያከመው ማን ነው? ቅጠል የምታውቅ፣ ቁስል የምታጥብ፣ አጥሚት የምታጠጣ ሴት ናት።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ደግሞ አለ። ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው ከተዋጉት ብዙዎቹ አስካሪዎች ነበሩ። የኤርትራና የትግራይ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ በረሀቡ ዘመን እንጀራ ፍለጋ የተቀጠረ ነው። ከተማረኩት ውስጥ ስምንት መቶ የሚያህሉት እንደ ከሃዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ብዙዎቹም በዚያው ሞቱ። በዘመኑ ሕግ የከሃዲ ቅጣት ነው ተብሎ የተፈጸመ ነው። እነሱም እናት ነበራቸው። ይህን ከታሪኩ ቀንሰን ብንተርክ ሂሳባችን አይመዛዘንም።

ከድሉ በኋላ

ከ1,800 በላይ የጣሊያን ምርኮኞች ወደ መሐል አገር ተወስደው በየሰው ቤት ተቀመጡ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ቀረ፤ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች። ምርኮኞቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እቴጌ ከዚያ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዛሬም ስማቸውን ይዞ ያለውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. አቋቋሙ። ለእኛ ለቁጠባ ማኅበርተኞች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ አላቸው። የአቢሲኒያ ባንክ በውጭ ሰዎች እጅ ሲቋቋም፣ እሳቸው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚሆን በኢትዮጵያውያን ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት እንዲቋቋም አደረጉ። ጦር ሜዳ ላይ የተገኘ ነፃነት በገንዘብ ረገድ ካልተጠበቀ ሙሉ እንደማይሆን አውቀዋል።

እንከን የሌለባቸው ሰው ነበሩ አንልም። የሰሜን ዘመዶቻቸውን በሹመት አብዝተው አስጠግተዋል እየተባለ በሸዋ መኳንንት ዘንድ ይጠሉ ነበር። አፄ ምኒልክ ታመው መናገር ሲያቅታቸው አገሪቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ መኳንንቱ ግን በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ሆነ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌ ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ። ዘውድ በጫኑበት ደብር አጠገብ፣ ራሳቸው ስም ያወጡላትን ከተማ ከላይ ሆነው እያዩ አራት ዓመት ያህል ኖሩ። አሁን አፅማቸው በበዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ያርፋል።

እኛስ ምን እንመዝግብ?

ውድ እኅቶቻችን፣ ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው ታሪክ ለማስተማር ብቻ አይደለም። ከመካከላችን በቅርቡ ጦርነት ልጇን ወይም ባሏን ያጣች እናት አለች። የካቲት 23 ቀን ሁላችን ስንዘፍን እሷ ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። ዝምታዋ የድሉ ጠላት አያደርጋትም። ዓድዋን በደንብ የምታውቀው እሷ ናት። ከ1888 ዓ.ም. እናቶች ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በዘንድሮው የየካቲት ስብሰባችን ላይ ከፉከራው በፊት ለጥቂት ደቂቃ የየቤታችን ሟቾች ስም እንዲጠራ፣ የማንም ሟች ከየትኛው ወገን ነበር ተብሎ እንዳይጠየቅ ሐሳብ እናቀርባለን።

ሁለተኛው ሐሳባችን ከሂሳብ መዝገባችን ጋር የተያያዘ ነው። በመዝገባችን ላይ የእያንዳንዷ አባል የወር መዋጮ እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። ለለቅሶ ቤት እንጀራ የጋገረች፣ ከታመመች አባል ጋር ያደረች፣ የወለደችውን ያረሰች ግን ዓምድ የላትም። በዓድዋ ውሃ ያመላለሱት ሴቶች የጠፉን ማንም ስላላያቸው አይደለም፤ የሚጻፉበት ዓምድ ስላልነበረ ነው። ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ የጉልበት መዋጮ የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ስሟ፣ የሠራችው ሥራና ቀኑ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይም ይውጣ። ያኔ ከብሩ ጋር ስንት ሌሊትና ስንት ምጣድ እንጀራ እንደተዋጣ ያያሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዓድዋም እንዲሁ ነበር። ጌጡን ሁላችን ወርሰናል፤ ሸክሙን የተሸከሙትን በስም ባናውቃቸውም፣ የዛሬዎቹን ግን ማወቅ እንችላለን። እስክሪብቶውም መዝገቡም በእጃችን ነው።